ሰማንያ ቀን ያልሞላት

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ከበሩ ውጭ ቀረሁ። ልጄ ክርስትና ሲነሳ እኔ እናቱ የጧፍ ሻጮቹ ሸራ ሥር ተለጥፌ ቆሜያለሁ፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ሚልኪ በጋቢ ተጠቅልላ ደረቴ ላይ ናት።

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። መንታ ነው የወለድኩት፣ ወንድና ሴት። አብረው ተረገዙ፣ አብረው መጡ። ወንዱ ግን በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ። እናትም እንደዚያው፤ ወንድ ከወለደች በአርባ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች፣ ሴት ከወለደች በሰማንያ። ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ? የንስሐ አባታችንን ቄስ መልካሙን ጠየቅኳቸው። «በወንዱ በኩል ነጽተሻል፤ በሴቷ በኩል ግን ገና ነሽ» አሉኝ ፈገግ ብለው። ግማሼ ንጹሕ፣ ግማሼ እድፋም። የትኛው ጎኔ እንደሆነ ቢነግሩኝ እኮ እሱን ጎን ብቻ አስገባ ነበር።

ባሌ ደረጀ ነጠላውን አጣፍቶ ገባ። እናቱ እማማ የሺ ናቲን ታቅፈው ገቡ። ዘበኛው መጣና «አራስ ከሆንሽ ከአጥሩ ራቅ በይ እህቴ» አለኝ። ወዴት ልራቅ? የቡራዩ መንገድ በሐምሌ ጭቃ ነው። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ ቦይ ውስጥ ቆምኩ።

ሲመለሱ እማማ ናቲን ግንባሩን ሳሙት፣ እጁን ሳሙት፣ እግሩን ሳሙት። «አሁን ገና ሰው ሆንክልኝ!» አሉት። ሚልኪን አለፏት። እሳቸው ክርስትና ያልተነሳ ልጅ አይስሙም። እስከ ዛሬ ሁለቱንም ስለማይስሙ ብዙም አልከነከነኝም ነበር። ዛሬ አንዱን ስመው አንዷን ሲያልፉ ግን ጋቢውን ፊቷ ላይ ሳብኩት። በስሟ እንኳን አይጠሯትም፤ «ሕፃኗ» ነው የሚሏት። ሚልኪ ያሏት አከራያችን አዴ ብርቄ ናቸው፤ በኦሮምኛ መልካም ዕድል ማለት ነው።

እኔ እኮ ከሃዲ አይደለሁም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ፣ ረቡዕ ዓርብ ሽንኩርት በዘይት የበላሁ ሰው ነኝ። የፀጉር ቤቴ ግድግዳ ላይ ሥዕለ ማርያም አለች። ዛሬ ግን ቅር ብሎኛል።


ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ቤቱ የድግስ ማግስት ነው፤ ሳህን በሳህን ላይ። ቄስ መልካሙ ትናንት ከጠላው ወደ ቢራው፣ ከቢራው ወደ ጥብሱ ሲሻገሩ አይቻቸዋለሁ። ይብሉ፣ ማን ከለከላቸው። ግን ሲመርቁ «ይህንን የተባረከ ወንድ ልጅ» ብለው ጨረሱ። አንድ ልጅ ብቻ ያለኝ ነው የመሰለው።

ሚልኪ ማሳል ጀመረች። ጡት ትይዝና ትለቃለች። አዴ ብርቄ መጥተው «ማል ታቴ? ምን ሆነች?» አሉና ደረቷ ላይ ጆሯቸውን አስጠጉ። ፊታቸውን አልወደድኩትም። እማማ ጤና አዳም ልቀጥቅጥ ይላሉ። ነገ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ።


ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ሆስፒታል ነን። አዲስ አበባ። ጠዋት ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሃል ስርጉድ ይል ጀመር። ጤና ጣቢያ አይተዋት ወዲያው ወደ ትልቅ ሆስፒታል አሏት። የአዴ ብርቄ ባል ኦቦ ለማ በፒክአፓቸው ከአሸዋ ሜዳ እስከዚህ እንዴት እንዳደረሱን አላውቅም፤ መንገዱን በሙሉ በኦሮምኛ ሲለማመኑ ነበር። አምላክን ይሁን መኪናውን አልለየሁም።

የሳንባ ምች አሉ። ኦክስጅን አደረጉላት። መርፌ ጀመሩ። እጇ ከመርፌው መያዣ ያንሳል።

ናቲ ቤት ከእማማ ጋር በጡጦ ቀረ። ጡቴ ሞልቶ ያመኛል። ልብሴን አርጥቦታል።


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ዶክተሯ የማትዋሽ ሴት ናት። «ከባድ ነው። ሁለት ሦስቱን ቀን ካለፈች ጥሩ ነው» አለችኝ።

ደረጀ ሰበታ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። አያት፣ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ያለው ነገር፦ «ሳትጠመቅ እንዳትሄድብኝ።» መጀመሪያ ልቆጣው ነበር፤ ልጅ በሕይወት እያለች! ግን ገባኝ። እሱ የሚያምነው፣ ያልተጠመቀ ልጅ የገነት በር ይዘጋበታል ብሎ ነው። እኔም ያው በእሱ ነው ያደግኩት። እዚያው ግድግዳ ሥር እኔንም ፍርሃቱ ያዘኝ። የታመመች ልጅ ይዤ፣ ስትሞት ማን ይቀበላታል ብዬ መስጋት!

ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርነው ትዝ አለን፤ ሞት የሚያሰጋው ሕፃን ቀኑ ሳይሞላም ይጠመቃል። ደረጀ ሮጦ ቄስ መልካሙ ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ፊቱ ትንሽ በርቷል። መጀመሪያ «ሰማንያዋ አልሞላም፣ ለምን ትቸኩላላችሁ፣ ጸልዩ» ብለውት ነበር። ሲለማመጣቸው፣ እግራቸው ላይ ሲወድቅ፣ «እሺ፣ ነገ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ መስቀሌን ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

እግራቸው ላይ መውደቁን የነገረኝ እንደ ቀላል ነገር ነው።


ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ዛሬ የሆነው ሳይቀር ይጻፍ።

ጠዋት ጠበቅን። አልመጡም። ረፋድ ላይ ደረጀ ደወለ፤ ስልካቸው ተዘግቷል። በር ላይ ሄዶ ቆመ፣ ዘበኞቹ እንዳይመልሷቸው። እኩለ ቀን ሆነ። ሚልኪ ከንፈሯ ወደ ሰማያዊነት ሄደ። ኦክስጅኑን ጨመሩላት።

እዚህ መሃል ፀጉር ቤቱን የምትጠብቅልኝ ቲጂ ቪዲዮ ላከችልኝ። «ይሄ የእናንተ ቄስ አይደለም እንዴ?» ብላ። ከፈትኩት። ሱሉልታ ነው። አንድ ባለሀብት አዲስ ገልባጭ መኪና ገዝቶ፣ በአበባ ጉንጉን አስጊጦ፣ ሰው ሰብስቦ አቁሞታል። ቄስ መልካሙ በጥንግ ድርብ ተውበው ጸበል ይረጫሉ። ጎማውን ረጩ። ሞተሩን አስከፍተው ረጩ። ከኋላ ዞረው መገልበጫውንም ረጩ። እልልታ። ዛሬ ጠዋት የተቀረጸ ነው።

ለገልባጩ ሰማንያ ቀን አልተቆጠረለትም። ትናንት ከሱቅ ወጣ፣ ዛሬ ተረጨ! «ገና ነህ» ያለው የለም። «ከአጥሩ ራቅ በል» ያለው የለም።

አቅለሸለሸኝ። አነጋገር አይደለም፤ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ። እትፍ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ያንን ሰውዬ አንቱ አልለውም።

ስመለስ አልጋው አጠገብ ነርሷ ፎዚያ መርፌውን እያስተካከለች ነበር። የታሸገ ውሃ ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ሲስተር፣ ላጠምቃት ነው» አልኳት። ሂጃቧን ነካ ነካ አድርጋ በሩን አየች፣ ሚልኪን አየች። «ብዙ አታፍስሺባት፤ ይበርዳታል። ጭንቅላቷን እኔ ልያዝልሽ» አለችኝ። ውሃውን ብብቴ ሥር ይዤ አሞቅኩት። ሦስት ጊዜ በመዳፌ ግንባሯ ላይ አደረግሁ። የቄሱን ቃል ልል ነበር፣ አፌ አልታዘዘኝም። «ሚልኪ፣ የፈጠረሽ ያውቅሻል። የእሱ ነሽ። ብትቆዪም የእሱ ነሽ፣ ብትሄጂም የእሱ ነሽ» አልኩ። ፎዚያ «አሚን» አለች።

እንግዲህ የክርስትና እናቷ ሙስሊም ናት። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።


ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ለደረጀ ነገርኩት። ቪዲዮውንም አሳየሁት። ገልባጩን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ውሃው ስነግረው ግን ቁጣ መጣ። «አንቺ ማን ነሽና? ሥልጣኑን ማን ሰጠሽ?» አለኝ። «ሥልጣን ያለው ሱሉልታ ጎማ እየረጨ ነበር» አልኩት። ወጥቶ ሄደ። ማታ ሙዝ ይዞ መጣ። «ለእማማ እንዳትነግሪያት» አለኝ፣ በቃ።

የጎረቤት አልጋዋን ሴት የሚጎበኝ ፓስተር አለ። ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል። ዛሬ ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ሃይማኖት አያድንም፤ ወደ እኛ ነይ» አለኝ። ፉሪ አዳራሽ አላቸው፣ ነቢይ አላቸው፣ የሚቀባ ዘይት አላቸው። ከአንዱ ሱቅ ወጣሁ ስል ሌላ ሱቅ ሊያስገባኝ! «ጌታዬ፣ ድምፅህን ቀንስልኝ፣ ልጄ ተኝታለች» አልኩት።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ኦክስጅኑን ነቀሉላት!! ጠባች። አሥር ደቂቃ ሙሉ ጠባች፣ ከዚያ ፊቴ ላይ አስነጠሰችብኝ። ዶክተሯ ሳቀች። ፎዚያ ፈረቃዋ አልቆ እንኳን መጥታ አየቻት።

ውሃዬ ነው ያዳናት አልልም። መድኃኒቱ ነው። ማሽኑ ነው። ዶክተሯ ናት። ውሃው ያዳነው እኔን ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያ የሚዘጋው በር አላስፈራኝም።


ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ቤት ነን። ፍልሰታ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጾማል። ከስድስት ሰባት ዓመቴ ጀምሮ አልፌው የማላውቀውን ጾም ዘንድሮ አልያዝኩም፤ ለነገሩ አራስ ነኝ፣ ማንም አይጠይቀኝም። ግን እኔ አውቀዋለሁ። አራስ ባልሆንም አልይዘውም ነበር።

ያስጠላኝን ልቁጠር ብል አይቆጠርም። የሌሊቱ የቤተ ክርስቲያን ማይክራፎን። «ነጽተሻል» የሚለው ቃል። የደረጀ ጉልበት ላይ የቀረው ጭቃ፤ ሱሪውን ሳጥብ አገኘሁት፣ ያን ቀን የወደቀበት ነው። ያንን ሳሸው እጄን ሳይቀር ተጸየፍኩት።

ያልጠላሁትም አለ። ጧፍ ሲሸተኝ ያው ልቤ ይረጋል። የማርያም ስም አሁንም ከአፌ አይጠፋም፣ ምጥ ላይ የጠራኋት እሷን ነው። ግን እኮ እሷም ወላድ ናት። እሷንስ ከአጥሩ ራቂ ይሏት ይሆን? ይሄንን ጮክ ብዬ ብናገር እማማ ይወግሩኛል።

እማማ ሚልኪን በጣም ይንከባከቧታል። ያጥቧታል፣ ቅቤ ይቀቧታል፣ ሌሊት ተነስተው ትንፋሿን ያዳምጣሉ። አይስሟትም። ትናንት ሊስሟት ጎንበስ ብለው፣ ልክ ሲደርሱ መለስ አሉ። አያለሁ። እንዴት ያለ ልብ ነው?


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

የሰማንያ ቀኗ ድግስ ጳጉሜ አንድ ነው። እማማ ዶሮ እስከ መምረጥ ደርሰዋል። እኔ አፌን ዘግቼ ነበር። ልጅቷ ተጠምቃለች፤ አሁን ቤተ ክርስቲያን ብወስዳት ያን ቀን ያደረግሁት ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ባልወስዳት ቤቴ ይፈርሳል። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያሳጣኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ቄስ መልካሙ ራሱ መጣ። ቤት ሊባርክ። እንዲህ ይቀመጥና፣ መስቀሉን ያሳልምና «አያችሁ፣ እግዚአብሔር እምነታችሁን ፈተነ» ይበል? ያንን ጠዋት የት እንደዋለ አንድም ቃል የለም! «መንገድ ተዘጋግቶብኝ» እንኳን አላለም።

ምላሴን አልያዝኩም። «ልጄ ተጠምቃለች» አልኩ። ደረጀ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እማማ የቡና ትሪ ይዘው ደርቀው ቀሩ።

«ማን አጠመቃት?» አለ ቄሱ።

«እኔ። እርስዎ ሱሉልታ ገልባጭ ሲያጠምቁ።»

ፊቱ ደም መሰለ። ቀስ ብሎ ግን ለሕፃን እንደሚያስረዱ አስረዳኝ፤ ሴት አታጠምቅም፣ ምእመን አያጠምቅም፣ ገልባጩ የተባረከ እንጂ የተጠመቀ አይደለም፣ እኔ ያደረግሁት ልጅን ማጠብ ነው። «ሰማንያዋ ሲሞላ በሥርዓቱ ትጠመቃለች፣ አንቺም ንስሐ ትገቢያለሽ» አለ።

«እሺ፣ ያን ቀን ብትሞት ኖሮ የት ነበር የምትቀብሯት?» አልኩት።

ይጨነቃል ብዬ ነበር። ቆይ ላስብ እንኳን አላለም። «ከአጥሩ ውጭ ለእንደነዚያ የሚሆን ቦታ አለ» አለ፣ ፊቱ የቀረበለትን እንጀራ እየቆረሰ።

እንደነዚያ! ልጄን እንደነዚያ! እኔ ልነሳ ስል እማማ ቀደሙኝ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ ቄሱን ሳይሳለሙ፣ ሳይሰናበቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ቄሱ እስኪሄድ አልወጡም። የተናደዱት በእኔ ነው ብዬ አሰብኩ።


ነሐሴ 25፣ እሑድ

እማማ ቤተ ክርስቲያን አልሄዱም። እሑድ! ሳውቃቸው ቀርተው አያውቁም።

ደረጀ ከወጣ በኋላ ጠሩኝ። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጡ ነበር፤ ቢላውን ሳያቆሙ ነው ያወሩኝ። ከደረጀ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ያኔ ሰበታ ነበር የሚኖሩት። ሰማንያዋ ሊሞላ ጥቂት ሲቀራት በትኩሳት ሞተች። ከአጥሩ ውጭ ባህር ዛፍ ሥር አስቀበሯት። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ እንኳን «ለዚህች አይለቀስም» ተብለው ተከለከሉ። በኋላ አስፋልት ሲወጣ መንገዱ በላይዋ ሄደ። ደረጀ የፋብሪካው ሰርቪስ ላይ ተሳፍሮ በየቀኑ በእህቱ ላይ ነው የሚያልፈው፣ አያውቅም።

«ያቺን ስሜያት ነበር» አሉኝ። «ጠዋት ማታ ስሜያት ነበር። ሳትጠመቅ በመሳሜ ነው የተቀጣሁት አሉኝ። እኔም አመንኩ።»

ስንት ወር ነው እኚህን ሴትዮ በሆዴ ስሰድብ የከረምኩት። ቢላውን ከእጃቸው ወሰድኩና የቀረውን ሽንኩርት ላጥኩ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ሽንኩርቱ ሰበብ ሆነን።

ማነው ያላቸው? ማን ቄስ? ስሙን አያስታውሱትም። ምናልባትም ጥሩ ሰው ነበር ይላሉ። እኔን የሚያንገፈግፈኝ ይሄ ነው፤ አንዱ አፉ እንዳመጣለት ይናገራል፣ አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ ትኖራለች።


ጳጉሜ 1፣ ቅዳሜ

አልወሰድኳትም።

ደረጀ ለባብሶ እስከ ረፋድ ሶፋ ላይ ተቀመጠ። «ለእኔ ስትይ» አለኝ። «ለአንተ ስል ብዙ ነገር አደርጋለሁ፤ ልጄ ያን ቀን የማንም አልነበረችም ማለት ግን አልችልም» አልኩት። አድጋ ልጠመቅ ካለች ራሴ እንደምወስዳት ነገርኩት። «እማማ፣ አንቺ ንገሪያት» አለ። እማማ ናቲን እያስታቀፉት «ተዋት» አሉ። አንዲት ቃል። ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ምሳ አብረን በላን። ዶሮዎቹ ግቢ ውስጥ በሕይወት አሉ፤ የበዓሉ ትርፍ እሱ ነው።

ወሬው ወጥቷል። ቲጂ እንደምትለው ሁለት ደንበኞች «እሷ ጴንጤ ሆናለች» ብለው ሌላ ፀጉር ቤት ሄደዋል። «ጴንጤውንም አልፈለግኩትም ብለሽ ንገሪያቸው» አልኳት።


ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ዛሬ ሩፋኤል ነው። የዛሬ ዝናብ ጸበል ነው ይባላል፣ ሰማይ ተከፍቶ የሚወርድ። ልጅ ሆነን ልብሳችንን ጥለን እንሮጥበት ነበር። ቄስ የለበት፣ በር የለበት፣ አርባና ሰማንያ የለበት። እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

ከምሳ በኋላ ጣለ። የአዴ ብርቄ የልጅ ልጆች እየጮኹ ወጡ። አዴ ብርቄም ወጡ፣ ጫማቸውን አውልቀው። ከዚያ እማማ ነጠላቸውን አስቀምጠው ተነሱ፣ ሚልኪን ከእጄ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«እማማ ሳንባዋ! በምንም ዓይነት!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ደግሞ፣ ያበድኩ መሰለሽ?» አሉና ብቻቸውን ወጡ። ዝናቡ መሃል መዳፋቸውን ገጥመው ቆሙ፤ ፀጉራቸው ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። መዳፋቸው ሲሞላ እንዳይፈስ ቀስ እያሉ ገቡ። በር ላይ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ሚልኪን ይዤላቸው ቆምኩ። ጣታቸውን ነክረው ግንባሯን አራሱት።

«ሚልኪ» አሏት። በስሟ ሲጠሯት የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ሳሟት። ግንባሯን፣ እጇን፣ እግሯን፣ ሆዷን፣ እንደገና ግንባሯን። ልጄ ከእሳቸው መሳም ለምዳ ስለማታውቅ ግራ ተጋብታ አየቻቸው።

ደረጀ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እናቱን እንዲህ አይቷቸው አያውቅም። ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም፣ ስለ እህቱ ገና አልነገሩትም። ፎጣ አመጣላቸው።

ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ከደረጀ ጋር ገና አልታረቅንም። ሰው ቤቴ ይምጣ አይምጣ፣ ስሞት ማን ይቅበረኝ፣ አላውቅም።

እማማ ፀጉራቸውን እያደረቁ ጠጋ አሉኝ። «ያቺ የእኔዋ ስም አልነበራትም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከክርስትናዋ በኋላ እናወጣለን ብለን ነበር። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ጥሩ ስም ፈልጊላት።»

ሚልኪ ተኝታለች። ናቲ ተኝቷል። ዝናቡ አላባራም። እስካሁን አምስት ስም ጽፌ ሰርዣለሁ።